«ልቀቂኝ!»

ይድረስ ለናፈቅሽኝ ለእቴቴ፣

ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ልጆቹስ? እኛ ተመስገን ነው፤ ከሽታው በቀር የጎደለብን የለም።

ሽታው የባሌ ጫማ ነው። እዚህ አገር ከመጣን ወዲህ በየሳምንቱ ገመድ ታጥቆ ገደል ይወጣል፤ አዲሱ ደስታው ነው። ጫማውን ያለ ካልሲ ስለሚያደርገው ሲያወልቀው የሞተ አይጥ የወጣ ይመስልሻል። የሚታጠቀው ቀበቶ ደግሞ የኪራይ ነው፤ የስንቱን ላብ እንደጠጣ እንጃ። ቢያቅለሸልሸኝ ጫማውን ከመኝታ ቤት አስወጣሁት። ሳሎን ወሰደውና እሱም እዚያው መተኛት ለመደ።

«ገመዱን ከታች ሆኖ ማን ነው የሚይዝልህ?» ብዬ ብጠይቀው «አንዲት የሥራ ባልደረባዬ። እጇ ያስተማምናል» አለኝ። እጇ! ቱ!

ቅዳሜ ዕለት «እኔ እይዝልሃለሁ» ብዬ ተከተልኩት። ባልደረባዬ ያላትም እዚያው ነበረች፤ ገደሉ እንዳያንሸራትታቸው እጃቸውን የሚቀቡት ነጭ ዱቄት በላቧ ቦክቶ፣ እሱን እንደተለወሰች ጨበጠችኝ። እጄን ቀሚሴ ላይ ጠረግሁት።

«ጫፍ ስደርስ ‹ልቀቂኝ› እልሻለሁ። ያኔ እንድወርድ ገመዱን ቀስ እያልሽ ታላይልኛለሽ» አለኝ ባሌ። ጫፍ ደረሰና «ልቀቂኝ!» ብሎ ጮኸ። እኔ ጨምድጄ ያዝኩት።

«ኧረ ልቀቂኝ! ምን ነካሽ?»

ጭራሽ አጠበቅሁት። በመጨረሻ እሷ መጥታ ገመዱን ከእጄ ወሰደችና እንደ ላባ አወረደችው።

ፊደሌ የተንጋደደው ገመዱ መዳፌን ስለላጠኝ ነው፤ እንዳታስቢ። ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ።

ያቺ የጓሮ ክፍልሽ ተከራየች ወይስ አሁንም ባዶ ናት? እንዲያው ለወሬ ያህል ነው።

ታናሽሽ