ላልመጣ ሰው የተጠየቅሁት ክፍያ

ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ ለእታለም፤

እንዴት ከርመሻል? ብርድ ሲገባ የሚጠዘጥዝሽ ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? የጋሼስ ሳል ለቀቃቸው? ልጆቹስ ትምህርቱን ያዙት ወይ? እኛ ጣታችን በሳሙና ከመላጡና አንቺን ከመናፈቃችን በቀር ደህና ነን።

እታለም፣ አምስት ወር ሙሉ በሆዴ ይዤው የከረምኩትን ነገር ነው የምጽፍልሽ። ልብሽ እንዳይደነግጥ ከመጨረሻው ልጀምርልሽ፦ ነገሩ በደህና አልቋል።

ላውንደሪውን ስከፍት ቤትሽን አስይዘሽ ዋስ ሆነሽልኝ ነበር። ትልቁ ማጠቢያ ማሽን ተበላሽቶ በቆመ ጊዜ የወሩን ክፍያ ዘጠኝ ቀን አሳለፍኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቅጣቱንም ከፍያለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ቀኑን ሳላዛንፍ ብከፍልም ዕዳው እንደ ሊጥ ኩፍ ይል ጀመር። አበዳሪዎቹ ዘንድ ሄጄ ብጠይቅ የክትትል ጉብኝት ክፍያ ነው አሉኝ። አሥራ አንድ ጉብኝት! እኔ በደጄ ያየሁት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሸሚዙን በነፃ አሳጥቦ ሄደ።

ባለቤቴ ውሉን አውጥታ ብታነበው፣ «አበዳሪው ተገቢ ነው ብሎ ያመነበትን ክፍያ ሊያስከፍል ይችላል» ይላል። ፊርማዬም ከሥሩ ቁጭ ብሏል። የብድር ኃላፊው፣ «የፈረመ አፍ የለውም፤ ካልከፈልክ ወደ ዋስህ ቤት ነው የምንሄደው» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ላንቺ የጀመርኩትን ደብዳቤ ሁሉ ሳልጨርስ እየቀደድኩ እጥል ነበር።

ካባዋን ልታሳጥብ የምትመጣ አንዲት ጠበቃ ደንበኛ አለችን። ባለቤቴ እኔን ሳትጠይቅ ሁሉንም ዘርግፋ ነገረቻት። ጠበቃዋም፣ «መፈረም ሌላ፣ መዘረፍ ሌላ» ብላ ጉዳዩን ያዘችልን፤ የጉብኝቱንም መዝገብ በፍርድ ቤት አስቀረበች። ከአሥራ አንዱ አራቱ እሑድ ቀን ሆነው ተገኙ፤ እሑድ ደግሞ ቤታችን ዝግ ነው። ከቀሩት ሰባት ደግሞ ያ ባለሸሚዙ ከመጣበት ከአንዱ በቀር፣ ስድስቱ ሄደ የተባለው ሰው ፊርማ እንኳ የላቸውም።

ዳኛዋ ኃላፊውን ለአንድ ጉብኝት ስንት እንደሚያወጡ ጠየቁት። «ውሉ ፈቅዶልናል» አለ። ደግመው ጠየቁት። ላቡን ጠርጎ የአውቶቡስ ሒሳብ መሆኑን ተናገረ። እኔን የጠየቁኝ የዚያን አርባ እጥፍ ነው! ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «‹ያመነበትን› ማለት ‹ያሻውን› ማለት አይደለም። ይህ ሥልጣን የተሰጣችሁ በቅን ልቦና ወጪያችሁን እንድትመልሱ ነው፤ በሰው ችግር ገበያ እንድትከፍቱ አይደለም። ሳይሄዱ ሄድን ማለት ደግሞ እምነት ሳይሆን ውሸት ነው» አሉ። አሥሩ ክፍያ ተሰረዘ። የአንዱን እውነተኛ ጉብኝት የአውቶቡስ ዋጋ እንድከፍል ፈረዱብኝ፤ እዚያው ከኪሴ አውጥቼ ከፈልኩ። ባለቤቴ፣ «የሸሚዙን አጠባ ማን ይከፍለናል?» ብላ የችሎቱን ጸሐፊ ሳይቀር አሳቀቻት።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ችሎቱን ሲሰማ የነበረ አንድ የማላውቀው ጫማ ሰፊ የራሱን ውል ዘርግቶ፣ «ያች ‹ያመነበትን› የምትለው ቃል የት ጋ ናት? የኔም ላይ አለች?» አለኝ። አለች። አሁን እሱና ሌሎች ሦስት ሰዎች እዚያችው ጠበቃ ዘንድ ይመላለሳሉ።

አበዳሪዎቹ ይግባኝ ሊሉ የሚችሉበት ቀነ ገደብ ትናንት አለፈ፤ እስኪያልፍ ነው ዝም ያልኩሽ። ቤትሽን አስይዘሽልኝ ሳለ ስለደበቅኩሽ ግን ይቅር በይኝ። እንደምትቆጪኝ አውቃለሁ፤ ቁጣሽም ናፍቆኛል። ብድሩ ሊያልቅ ሰባት ወር ቀርቶታል። ያን ጊዜ ስምሽ የተሰረዘበትን ወረቀት ለፖስታ አልሰጥም፤ እኔው ይዤው እመጣለሁ።

ጋሼን ጉልበታቸውን ስሚልኝ። ታላቋ በትምህርቷ እንድትበረታ፣ መንትዮቹም እንዳይደባደቡ ንገሪያቸው። ገና ዓይኗን ላላየኋት ለትንሿ ደግሞ ስታስተኚያት ስለኔ አውሪላት፤ ስመጣ እንግዳ ብላ እንዳታለቅስብኝ።

የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ

ከላውንደሪው ጀርባ ካለችው ክፍላችን
ሐሙስ፣ የካቲት 5 ቀን