አባባን አላደርስ ያለው ሰዓት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህስ ጤናዋ እንዴት ነው? ትንሿ ጥርሷን አብቅላ ጨረሰች ወይስ አሁንም እንቅልፍ እየነሳቻችሁ ነው? እኛ የአክስታችንን ጉልበት ካልቆጠርን ሁላችንም ደህና ነን፤ የጎደልክብን አንተ ብቻ ነህ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ከድንጋጤዬ ሳልወጣ ነው። የሠራኸው የኮምፒውተር ጨዋታ እንደደረሰን አባባ፣ ልጄ የሠራውን ሳላይማ አልቀርም ብሎ መነጽሩን ወልውሎ ተቀመጠ። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩም ሱቁን ዘግቶ መጣ። ገና ሲከፈት ክው አልን። የእኛው ግቢ! ያ የዘመመ አጥር፣ ያ የተሰነጠቀ ደረጃ። ለካ ይህን ሁሉ በልብህ ይዘህ ኖሯል የሄድከው። ከውስጠኛው ክፍል ደግሞ የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል። አባባ ወዲያው ለየው። የእሷ መኪና ናት አለ። እማዬ ካረፈች ወዲህ ያቺን መኪና የነካት የለም።

ያስቸገረን ጨዋታው ላይ ወደ ኋላ የሚቆጥረው ሰዓትህ ነው። አባባን ታውቀዋለህ፣ ሰው ሰላም ሳይል አያልፍም። እዚያም ውስጥ ያው ነው። በር ላይ የቆመችውን ሴትዮ ቁልፉን ተጭኖ ሰላም ይላታል፤ መልሳ እስክትጨርስ ይጠብቃል። ከዚያ ሽማግሌውን፣ ከዚያ ውሃ የሚቀዳውን ሰውዬ። የከፈተውን በር ሁሉ መልሶ ይዘጋል። ኮሪደሩ ጋ ሲደርስ ሰዓቱ ይቀላና ጥርግ አድርጎ ወደ ውጭ ያወጣዋል። እሱም እንደገና ከሴትዮዋ ይጀምራል። እኔና ፀጉር አስተካካዩ በሳቅ ሞትን። ሥዕል እኮ ናቸው፣ ዝም ብለህ ሩጥ ስለው፣ «በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ ልሩጥ?» ብሎ ተቆጣኝ።

ትናንት ከሥራ ስመለስ ግን ብቻውን ተቀምጦ ሲያለቅስ አገኘሁት። ሰዓቱ ከእማዬ ክፍል ደጃፍ ላይ መልሶታል። በቀብሯ ቀን እንኳ እንባውን ያላሳየን ሰው!

ጨዋታውን ከእጁ ተቀብዬ፣ ማንንም ሰላም ሳልል፣ በሩን ሁሉ በርግጄ ሮጥኩለት። ገባን። ጀርባዋን ሰጥታን ትሰፋለች። ያው አረንጓዴ ሻሿ፣ ያው ዘንበል የሚል አንገቷ። ምነው ወንድሜ፣ እሷን እንዳስገባሃት አንድ ቃል እንኳ ሳትነግረን? አባባ ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ በስሟ ጠራት። ልክ ልትዞር ትከሻዋን ስታነቃንቅ ሰዓቱ አለቀና ጨለመ።

ሰዓት ከሌለው ጨዋታው አይጥምም ትለኝ ይሆናል። ለሌላው ሰው እንደፈለገ ይቁጠር፤ ለአባባ ግን አንሣለት። እኔ ተናድጄ ብዙ ልጽፍብህ ነበር፤ እሱ ግን እንዲህ ብለሽ ብቻ ጻፊለት አለኝ፦ «ልጄ፣ እናትህ ድሮም ቸኩላ ነው የሄደችብን። አንተ እንኳ አታጣድፋት።»

አክስታችን ከነጉልበቷ ሰላም ብላሃለች። ፀጉር አስተካካዩም ፀጉርህን እዚያ ማን እንደሚያበላሽልህ ጠይቂልኝ ብሏል። ባለቤትህን እቀፍልኝ፣ የትንሿን ጉንጭ ሳምልኝ። እዚያ ጨዋታህ ውስጥ እማዬንም ሰላም በልልን። አንተን የሚያስወጣህ ሰዓት የለም።

እህትህ
ከአባባ ቤት፣ ጥቅምት ፲፯ ቀን