ጥጉ ላይ የፈረምኩበት ወረቀት

ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ያ የሆድህ ሕመም እንዴት አደረገህ? እንቅልፍስ ይሰጥሃል? የእማዬ ጉልበት በረታ ወይ? እኔ ሰውነቴ ደህና ነው፤ ልቤ ግን ደህና አይደለም። ከአንተ ምን እደብቃለሁ።

ሥራዬን ታውቀዋለህ። በጫማ ፋብሪካው ሠራተኛ አስተዳደር ቢሮ ተቀምጬ ማመልከቻ እቀበላለሁ። በእኛ መሥሪያ ቤት ወረቀት የደረሰው ሰው ሁሉ ጥጉ ላይ «ይታይ» ብሎ ይፈርምና ወደሚቀጥለው ይመራዋል። ማን እንደሚያየው አይጻፍም። እኔም ፊርማዬን አሳምሬ ከደሙ ንጹህ ነኝ ብዬ እቀመጣለሁ።

ሶል ከሚለጥፉት መካከል በሳቋ ብዛት ሳቂታ የምንላት የሁለት ልጆች እናት አለች። ከሦስት ወር በፊት በግማሽ ሉክ ማመልከቻ አመጣችልኝ። የማስቲሹ ሽታ ራሴን እያዞረኝ ነውና ሌላ ክፍል አዛውሩኝ ይላል። «ይታይ» ብዬ ለክፍል ኃላፊዋ መራሁት። እሱ «ይታይ» ብሎ ለክሊኒኩ፣ ክሊኒኩም «ይታይ» ብሎ መልሶ ለእኔ። እኔ ደግሞ ከሌሎቹ ወረቀቶች ሥር አስተኛሁት። ኮሪደር ላይ ባገኘችኝ ቁጥር «እህቴ፣ ያ ነገር እንዴት ሆነ?» ትለኛለች። «በሂደት ላይ ነው» እላታለሁ። አፌ ለምዶታል።

ባለፈው ወር ማሽኑ አጠገብ ራሷን ስታ ወደቀች፤ ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ስብራቱ ሳይድን ክስ መጣባት። የክፍል ኃላፊዋ በሥራ ሰዓት ተኝታ ነው የወደቀችው ብሎ ጻፈ፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሊያሰናብታት ተሰበሰበ። ቃለ ጉባኤ ያዥዋ እኔ ነበርኩ። ሥራ አስኪያጁ ቀደም ብላ ያመለከተችው ነገር አለ ወይ ብለው ጠየቁ። የክፍል ኃላፊው ምንም የለም አለ። እሷ ክንዷን በፋሻ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወደ እኔ አየች። ልዋሽህ አልችልም አባዬ፣ አቀርቅሬ መጻፌን ቀጠልኩ። እንጀራዬን አሰብኩ። እስክሪብቶዬ «ምንም የለም» የሚለውን ጽፎ ጨርሶ ነበር።

ያኔ ትዝ ያልከኝ አንተ ነህ። የጎረቤት በር ማጠፊያው ሲላላ ማንም ሳይጠራህ መፍቻህን ይዘህ ትነሳ ነበር፤ እማዬ «እረፍ እንጂ» ስትልህ «ካየሁት ወዲያ ምን ያሳርፈኛል» ትላታለህ። ተነሳሁ። ወረቀቱን ከቢሮዬ ጎትቼ አመጣሁና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ማመልከቻዋ ይኸው፣ ያስተኛሁት እኔ ነኝ አልኳቸው። የክፍል ኃላፊው ዓይኑን አፈጠጠብኝ። የዝውውሯንም ደብዳቤ እዚያው በእጄ ጽፌ አቀረብኩ። ሥራ አስኪያጁ ሁለቱንም ደጋግመው አነበቡና ፈረሙ። ሦስት ወር የተኛው ጉዳይ እኔ ሳልቀመጥ አለቀ።

ሳቂታ አልተሰናበተችም፤ ክንዷ ሲጠገን ማሸጊያ ክፍል ትገባለች። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶኝ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛውሬያለሁ፤ የእጄን ነው ያገኘሁት። ይቅርታ ልጠይቃት ቤቷ ስሄድ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና «አንቺ፣ የእጅ ጽሑፍሽ ግን እንዴት ያምራል» ብላ ሳቀች። እኔ አለቀስኩ። ጣቶቿ አሁንም በደንብ አይታጠፉም።

ትናንት ጠረጴዛዬን ሳስረክብ ከወረቀቱ ሁሉ ሥር ያንተን ደብዳቤ አገኘሁ። ከመጣ ወር አልፎታል። ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና ያስፈልግሃል ማለታቸውን፣ ቀጠሮህ ኅዳር 18 መሆኑን፣ ከታች ደግሞ በትንንሽ ፊደል «ልጄ፣ ብቻዬን መግባት ፈራሁ» ማለትህን እንደገና አነበብኩ። በዕድሜዬ ፈራሁ ስትል ሰምቼህ አላውቅም። አባዬ፣ እሱም ላይ ጥጉን «ይታይ» ብዬ ፈርሜበት ነበር። ይቅር በለኝ።

ዛሬ ጠዋት የዓመት ፈቃዴን እዚያው ቆሜ አስፈረምኩ፤ የአውቶቡስ ቲኬቴንም ቆርጫለሁ። ኅዳር 16 ከምሳ በፊት እደርሳለሁ፤ ሐኪም ቤት አብረን እንገባለን። የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። ታላቅ እህቴን፣ ከነልጆቿ፣ ሰላም በልልኝ። ታናሽ ወንድሜን ኩርፊያውን እስክመጣ ያቆይልኝ በለው። አክስቴንም አልረሳኋትም። ይህ ደብዳቤ መንገድ ላይ ዘግይቶ እኔ ብቀድመው ደስታዬ ነው።

ልጅህ
ከፋብሪካው ዕቃ ግምጃ ቤት፣ ከሳጥኖቹ መሃል
ኅዳር 11 ቀን