ሙጫው ሳይደርቅ

ውድ እማዬ፣

ዕድሜሽን ሙሉ ፖስታ ቤት ተቀምጠሽ የሰው ደብዳቤ ስትለዪ ኖርሽ፤ ከእኔ ግን አንድም ደርሶሽ አያውቅም። በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖር ሰው ምን ብሎ ይጻፋል? አሁን በመካከላችን መንገድ ገባና ብዕር አነሣሁ። ይህን ወረቀት እጅሽ ላይ ባደርገው፣ በዚያ በፖስታ ቤቱ መስኮት ድምፅሽ፣ አንድ ቃል ሳትስቺ ታነቢልኛለሽ። ከዚያ አጥፈሽ ትመልሺልኝና «የማን ነው? አድራሻ የለውም» ትይኛለሽ። ንባቡ አልጠፋብሽም። የጠፋብሽ ሌላው ሁሉ ነው።

ስለዚህ አልሰጥሽም። ግን እጽፍልሻለሁ፤ እሑድ እሑድ ስመጣ አፌ ላይ ደርሶ የሚመለስ ነገር ስላለ።

ከግቢያችን በር ልጀምር። አባዬ በሞተ በዓመቱ፣ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ፎቶግራፉ ያለበትን የመርዶ ወረቀት አሳተምኩ። «ኔዲያልኮ ከተለየን ዓመት ሆነ፤ ባለቤቱ ዮርዳንካና ልጆቹ» ይላል። አንዱን በራችን ላይ ለጠፍኩ፣ አንዱን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ፣ አንዱን ዳቦ ቤቱ አጠገብ ባለው ዛፍ ላይ። አንቺ ራስሽ ለእናትሽም ለአባትሽም ስትለጥፊ፣ ሙጫውን ይዤልሽ ነው ያደግኩት። ደግሞ በር ላይ ወረቀት የሌለበት ቤት ሟቹን የረሳ ቤት ነው። ያን ጊዜ የመርሳት ሕመሙ ከጀመረሽ ቆይቷል፤ ነገር ግን ወረቀቱን አንቺም እንደምታነቢው አልታሰበኝም።

ዳቦ ገዝተሽ ስትመለሺ በመስኮት አይሽ ነበር። ዳቦውን ደረትሽ ላይ አቅፈሽ በሩ ፊት ቆምሽ። አነበብሽ። ቀና ብለሽ ፎቶውን አየሽ። እንደገና አነበብሽ። ከዚያ ገባሽና፣ ሳታለቅሺ፣ «መርዶዬን ከበር ላይ ነው እንዴ የማነበው? የሚነግረኝ ሰው ጠፋ?» አልሽኝ።

ነገርኩሽ። ዓመት እንደሆነው፣ ሲሞት እጁን ይዘሽው እንደነበር፣ አንቺ በመረጥሽለት ልብስ እንደተቀበረ። ያን ጊዜ አለቀስሽ፤ እኔም አብሬሽ። ጥቁር አውጥተሽ ለበስሽ። በማግስቱ ጥቁሩን ለምን እንደለበስሽው ግራ ገባሽና አውልቀሽ፣ ቦርሳሽን ይዘሽ ዳቦ ልትገዢ ወጣሽ። ስትመለሺ በሩ ፊት ቆምሽ።

እንዲህ ሆነ፤ በየቀኑ አዲስ መርዶ። የበሩን ብገነጥለው የዳቦ ቤቱ ዛፍ አለ፤ የዛፉን ባነሣው አውቶቡስ ማቆሚያው አለ። በመጨረሻ ቢላና አንድ ባልዲ ሙቅ ውኃ ይዤ ወጣሁ። ጎረቤታችን እትዬ ጊንካ ማቆሚያው ላይ ስፍቅ አገኘችኝ።

«ምን እያደረግሽ ነው አንቺ?»

«እየፋቅኩ ነው፣ እትዬ።»

«እሱንማ አየሁ። የሞተ ሰው ወረቀት የሚያነሣው ዝናብ ነው። ልጅ አያነሣም።»

እማዬ በየቀኑ እያነበበችው ነው አልኳት። ፎቶው እኩሌታው ተልጦ ግንባሩና አንድ ዓይኑ ብቻ ቀርቶ ነበር። «እንዲህ አድርገሽ ትተሽው እንዳትሄጂ ደግሞ» አለችኝ። «ከጀመርሽ ጨርሺው።» ባልዲውን አንሥታ ውኃውን ታፈስልኝ ጀመር። ከዚያ ቀን በኋላ ግን መንገዱ ሁሉ አባዬን ማን እንደላጠው ያወራ ነበር።

የሚነግርሽ ወረቀት ሲጠፋ አባዬ ከሞት ተነሣ፣ እማዬ። ሾርባውን ከድነሽ ታስቀምጪለት ጀመር። ሲዘገይብሽ ልትፈልጊው ትወጫለሽ። አንድ ቀን የወንዙ ድልድይ ላይ በነጠላ ጫማ አገኙሽ፤ የእሱን ካፖርት ታቅፈሻል፤ ሳይለብስ ነው የወጣው እያልሽ ለመንገደኛው ሁሉ ታሳያለሽ። ከዚያ ወዲህ ወደ ልብስ ስፌት ፋብሪካው ስሄድ በሩን ቆልፌብሽ እሄድ ነበር። እትዬ ጊንካ በመስኮት ታነጋግርሽ እንደነበርና አንቺም «ይህች ሴትዮ ቆልፋብኝ ሄደች፤ ማን ናት?» እንዳልሻት ነግራኛለች። የነገረችኝ ልታስቀኝ ነበር መሰለኝ።

ስፔን ላለው ልጅሽ ለቦይኮ ደወልኩ። የአረጋውያን ቤት መፈለግ አለብን አልኩት። እህቴ፣ አንቺ የወሰንሽው ሁሉ ልክ ነው አለኝ። ይህን ብወስንስ? ልክ ነው። ያንን ብወስንስ? እሱም ልክ ነው። በስልኩ ውስጥ መጋዝ ይጮኻል፣ ሰው ይጠራዋል። አልፈረድኩበትም። ግን አስቀድሞ በሁሉ ነገር ከሚስማማ ሰው ጋር መማከር እንዴት ብቸኛ እንደሚያደርግ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

የመጀመሪያው ቤት ጥድ ውስጥ ያለው ነው። አብረን ሄድን። ወለሉ ፊት ያሳያል። የመውጫው በር የመጽሐፍ መደርደሪያ ሥዕል ተስሎበት በር አይመስልም። ሥራ አስኪያጁ ነጭ ጋዋን የለበሰ ለስላሳ ጎልማሳ ነው፤ አትክልቱን ሲያሳየን አንድ የአውቶቡስ ማቆሚያ አየን፤ አግዳሚ ወንበር፣ ጣሪያ፣ ምልክት፣ ሁሉም አለው። ቤቴ ልሂድ የሚሉትን እዚያ ያስቀምጧቸዋል። አውቶቡሱን ሲጠብቁ ሲጠብቁ መሄዳቸውን ይረሱታል አለኝ፤ በሐሳቡ ይኮራል። አንቺ ሄደሽ ተቀመጥሽ። ቦርሳሽን ጭንሽ ላይ አድርገሽ መሬቱን ቃኘሽ።

«አንቺ ልጅ፣ ነይ እንሂድ» አልሽኝ። «የሱፍ ፍሬ ልጣጭ የለም። የሲጋራ ቁራጭ የለም። እዚህ ሰው አውቶቡስ ጠብቆ አያውቅም።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀና «እናታችን ገና ጎበዝ ናቸው» አለ።

«እናትህ አይደለሁም» አልሽው። «ብሆን እዚህ አታመጣኝም ነበር።»

እኔ መሬት መሬት አየሁ። በኋላ፣ አንቺን ሻይ ሲያጠጡሽ፣ እዚህ ሰው ሲሞት ምን ትላላችሁ ብዬ ጠየቅኩት። ወደ ባሕር ዳርቻ ሄዱ እንላለን አለኝ። ባላቸውን የሚጠይቁትንስ? እነሱንም፤ ለምን እናስለቅሳቸዋለን? አልጋ ነበራቸው። በዚያው ሳምንት ላስገባሽ እችል ነበር። በአውቶቡስ ስንመለስ ግን አባዬ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ካፖርቱን ሳይዝ ሲጠብቅ፣ አንቺም እሱን ስትጠብቂ ታየኝ። ባለቀስሽ አይሻልም ነበር ወይ? አላውቅም። አሁንም አላውቅም።

ሁለተኛው ቤት ገጠር ነው፤ ድሮ ትምህርት ቤት የነበረ። የልጆቹ ልብስ መስቀያ ግድግዳው ላይ ዝቅ ብሎ እንዳለ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን ይሰቅሉበታል። ኮሪደሩ የጎመን ሽታ አለው፤ ደረጃው ይበዛል፤ አንዷ ሬዲዮ ከፍታ ሌላዋ ዝጊ ትላታለች። የፊት ለፊቱ በር መስታወት ደግሞ በመርዶ ወረቀት ተሸፍኗል፤ እዚያ ኖረው የሞቱት ሁሉ፣ ከነፎቷቸው። ሳየው ልመልስሽ ፈለግኩ፤ አንቺ ግን ጀምረሻል። ከላይኛው ረድፍ ይዘሽ ጮክ ብለሽ ስም በስም ታነቢያለሽ። በሩ አጠገብ ባርኔጣ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር፤ ጋንቾ ይባላሉ።

«ይህን ታውቀዋለህ?» አልሻቸው።

«ካርታ አብረን እንጫወት ነበር። ያጭበረብራል።»

«አሁንስ?»

«አሁን አቆመ።»

ሳቅሽ፣ እማዬ። ትከሻሽ እስኪንቀጠቀጥ። አባዬ ከሞተ ጀምሮ እንዲያ ስትስቂ ሰምቼሽ አላውቅም።

ኃላፊዋ ወይዘሮ ዛፊርካ እጅጌዋን ሰብስባ፣ እጇ በሳሙና እንደራሰ ነው የመጣችው። እናቴ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች፤ በየቀኑ ይህን በር እያነበበች እንዴት ትኖራለች አልኳት።

«ታነባለች፣ ታለቅሳለች» አለችኝ። «ባሏንም ከጠየቀችኝ እነግራታለሁ። ከዚያ ሾርባ ይቀርባል። እዚህ ብቻዋን የምታለቅስ የለችም፤ አንዷ ከጀመረች ሌሎቹ ይከተላሉ። አንድ ጊዜ የሞተ ደብቄባቸው ነበር፤ ሰውየውን አልጋ ሥር ሲፈልጉ ሰነበቱ።»

አልጋ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። የለም አለች። መቼ ይኖራል?

በአገጯ ወረቀት የተለጠፈበትን በር አሳየችኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ የትኛው ይሻልሻል ብዬ ጠየቅኩሽ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠየቅ መስሎኝ። መስኮቱን እያየሽ «ቤቴ» አልሽኝ።

ንጹሑን ቤት ትቼ አልጋ የሌለውን መጠበቅ ጀመርኩ። ምን እንደምጠብቅ ይገባሻል? ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ለዚያ ቤት ሰዎች ሁሉ ጤና ሻማ አበራሁ፤ በእኔ ምክንያት ማንም እንዳይሞት። ስልኩ ሳይደውል ሲቀር ደግሞ ተናደድኩ። በገዛ ሻማው የተናደደ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ቃሪያ የሚጠበስበት ሰሞን ነበር፤ መንገዱ ሁሉ ይሸታል፤ አንቺ ጋዙን ከፍተሽ ክብሪት ትፈልጊ ነበር። እትዬ ጊንካ ባትደርስልን ኖሮ ዛሬ ለሁለታችንም ወረቀት የሚለጥፍልን ቦይኮ ነበር።

ከዚያ ወይዘሮ ዛፊርካ ደወለች። «ነይ» አለችኝ፤ «ዛሬ ቀበርን።»

የእትዬ ጊንካ አማች በመኪናው ወሰደን። ልዋሽሽ አልቻልኩም፤ መዋሸት ብችል የጥዱን ቤት እመርጥ ነበር። ገና ከሠፈር ሳንወጣ ነገርኩሽ። እማዬ፣ እንግዲህ ሌላ ቤት ልትኖሪ ነው፤ እኔ ብቻዬን አልቻልኩም አልኩሽ። ወፍጮው ጋ ስንደርስ ወዴት ነው የምንሄደው አልሽኝ። ነገርኩሽ። «ምን አጠፋሁ?» አልሽ። ሾፌሩ ሬዲዮውን ዘጋው። ትንሽ ሄደን እንደገና ጠየቅሽኝ፤ እንደገና ነገርኩሽ። በዚህኛው ጊዜ እጄን ያዝሽና «ይሁን፤ አንቺም ደክሞሻል» አልሽኝ።

ያንን መልስሽን ይዤ መውረድ ፈልጌ ነበር። መኪናውን አቁምልኝ ልለው ሁሉ ቃጣኝ። ከዳገቱ በኋላ ግን ወዴት ነው የምንሄደው አልሽኝ፤ ነገርኩሽ፤ በጥፊ መታሽኝ።

በሩ ላይ አዲሱ ወረቀት ነበር። ሙጫው ገና አልደረቀም፤ ጠርዙ ላይ ይንጠባጠባል። ራይና የሚባሉ፣ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ የያዙ ሴት። ስማቸውን በጣትሽ እየተከተልሽ አነበብሽና «ነፍስ ይማር» አልሽ። ጣትሽ ላይ ሙጫ ነካሽ፤ በመሐረብሽ ጠረግሽው። ከዚያ ገባንና አልጋቸው ላይ አስቀመጥኩሽ።

«የማን አልጋ ነው?» አልሽኝ።

«ያንቺ ነው» አልኩሽ። በዚያ ቀን የዋሸሁሽ እሱን ብቻ ነው፤ ውሸት ከሆነ።

አሁን በመጣሁ ቁጥር ትሻላለች ወይስ ትብሳለች ብዬ ፊትሽን እመረምራለሁ። ምርጫዬ ትክክል ይሁን አይሁን የሚነግረኝ ነገር እፈልጋለሁ፤ አላገኝም። ወይዘሮ ዛፊርካ በምሳ ሰዓት አንዳንዴ እንደምታለቅሺ፣ ጋንቾን በካርታ እንደምታሸንፊያቸው ትነግረኛለች። አንዴ ክንድሽ ላይ ብልዘት አየሁ፤ ደረጃው ነው አሉኝ። በጥዱ ቤት ደረጃ አልነበረም። ለቦይኮ ነገርኩት፤ ልክ ነው አለኝ፤ ያልኩትን አልሰማውም።

ያለፈው እሑድ ብርቱካን ልጬ እየሰጠሁሽ ነበር። ስታዪኝ ቆየሽና አንቺ የማን ልጅ ነሽ አልሽኝ። የሠፈሩ ነኝ አልኩ፤ ድፍረቱን አጣሁ።

«እናት አለችሽ?»

«አለችኝ።»

«ታውቅሻለች?»

«አንዳንዴ።»

ብርቱካኑን ወደ እኔ ገፋሽልኝ። ጎንሽ ያለውን አልጋ አሳየሽኝና፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ ሴትዮዋ ምግብ መብላት እንዳቆመች ነገርሽኝ። «ቶሎ ተናገሪ፤ አልጋውን እንድትይዝልሽ ለዛፊርካ ንገሪያት» አልሽ። «እናትሽን እዚህ አምጪያት። እኔ አለሁላት። አንቺ አልቻልሽም፤ ፊትሽ ላይ ያስታውቃል። ብቻ በየጊዜው ነይላት።»

«እመጣላታለሁ» አልኩሽ።

«እመጣለሁ የሚሉ እኮ ብዙ ናቸው። የእነዚህ ሁሉ ልጆች ይላሉ፤ የሚመጣ የለም።»

«እኔ እመጣለሁ፣ እማዬ።»

እማዬ ማለቴን አልሰማሽውም፤ ወይም እዚያ ለሁሉም ሴት እንደሚባል መስሎሻል። ብርቱካንሽን በላሽ። እኔም ሌላ መስጠት የምችለው ስለሌለኝ ይህንኑ ጽፌ አስቀምጫለሁ፤ እሑድ እመጣለሁ። እናትሽን ለምን አላመጣሻትም ብለሽ ብትቆጪኝም እመጣለሁ።

ልጅሽ ስቴፍካ
ትሮያን ከተማ