እንባ ያልሸጡት እትዬ መርፌ

ሰፈሩ ሁሉ እትዬ መርፌ እያለ የሚጠራቸው ታላቅ እህታችን ከአናጢው አባታችንና ከአዋላጇ እናታችን በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። የቤቱ የበኩር ልጅ ስለነበሩ እኛን አራት ታናናሾቻቸውን አዝለው አሳድገውናል፤ ያዘዙንን ሳንፈጽም ስንቀርም አዝለው ማሳደጋቸውን ሳያስታውሱን አልቀሩም።

ትምህርታቸውን እንዳጠናቀቁ በ1966 ዓ.ም. በሆስፒታል የልብስ ክፍል ተቀጠሩ። የተቀደደ አንሶላ ይጥፉ፣ የሐኪሞች ጋዋን ቁልፍ ይተክሉ ነበር። በ1970 ዓ.ም. የአምቡላንስ ሾፌር አግብተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። ልጆቹ ነፍስ ሳያውቁ ባለቤታቸው በመኪና አደጋ አረፉ። እትዬ ለወራት ከሰው ጋር መነጋገር አቆሙ፤ አንድ የትራስ ልብስ ይጠልፋሉ፣ ይተረትራሉ፣ እንደገና ይጠልፋሉ። ልናስጥላቸው ስንሞክር እናታችን «ተዉአት፣ በእጇ እያለቀሰች ነው» አሉን።

ያዳናቸውን ነገር ለራሳቸው ብቻ አላስቀሩትም። በ1985 ዓ.ም. ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለችውን የአሮጌ አልጋ ማከማቻ ለምነው አስለቀቁ። ከአእምሮ ሕክምና የወጡትን፣ ከባል ዱላ የሸሹትን፣ ጠያቂ የሌላቸውን ሴቶች ሰብስበው ጥልፍ አስተማሩ። እያንዳንዷ የራሷ መርፌ ነበራት። ማታ ስትወጣ ክሩን ሳትበጥስ ግድግዳው ላይ ባለው ትራስ ትሰካዋለች። የቀረች ሴት መርፌ አይነካም። አንዷ ሕመሟ አገርሽቶባት ሁለት ዓመት ጠፍታ ስትመለስ ክሯ ደብዝዞ ጠበቃት፤ መርፌዋን ነቅላ ቁጭ ብላ ቀጠለች። በጥልፉ ኪራይ ተከፈለ፣ ልጅ ተማረ።

ያደነቀ ሁሉ ቢገዛ ኖሮ ዛሬ የምናነበው የሕይወት ታሪካቸው ሌላ በሆነ ነበር። ጎብኚው መጥቶ ፎቶ ይነሳል፣ «ይበል የሚያሰኝ ነው» ይላል፣ ባዶ እጁን ይወጣል። ዋና ደንበኛቸው የነበሩት የስጦታ ዕቃ ነጋዴ በየጠረጴዛ ልብሱ ላይ የጠላፊዋ መከራ ከነፎቶዋ ይለጠፍ፣ ገበያው ይደራል ቢሏቸው፣ እትዬ «ጥልፏን ይግዙ፤ እንባዋ ለገበያ አልወጣም» ብለው መለሷቸው። ነጋዴው ሄዱ፤ ገበያውም ቀዘቀዘ። እትዬ ግትር ነበሩ። ግትርነታቸው ይህን የምጽፈውን የታናሽ እህታቸውን አንጀት ያቃጥል ነበር። አሁንም ያቃጥለኛል፣ ልክ ስለነበሩ።

አምና በኩላሊት ሕመም እዚያው ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ፣ ክፍሏ ለመጋዘን ትፈለጋለች ተባለ። አቤት ብለን ያላንኳኳነው ቢሮ የለም። ዛሬ ነገ ሲሉን ከርመው ቆለፏት፤ እነዚያው ስብርባሪ አልጋዎችም ተመልሰው ገቡ። ሴቶቹ ይህን ለእትዬ መንገር አልቻሉም። ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ሲጠልፉ ይውሉና፣ ክር ልብሳቸው ላይ እንደተጣበቀ ገብተው «ከክፍላችን መጣን» ይሏቸው ነበር። እትዬም «ጎሽ፣ በርትታችኋል» እያሉ፣ ክፍሏ እንዳለች አምነው፣ ግንቦት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በ69 ዓመታቸው ዐረፉ።

የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ለዛሬው ስንብት የአበባ ጉንጉን ልከዋል፤ እግዜር ይስጥልን። ቁልፉን ቢልኩልን ግን ይሻለን ነበር።

እትዬ የሁለት ልጆች እናት፣ የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። እዚያ ግድግዳው ጥግ ተጠግተው የቆሙት ሴቶችም ቤተሰብ ናቸውና ወደ ፊት ይምጡ፤ ማንም እናንተ የማን ናችሁ እንዳይላቸው።

ፈጣሪ ለእህታችን ነፍስ በቤቱ ማረፊያ ያዘጋጅላት። ለእነዚህ ሴቶች መቀመጫ መስጠቱን ግን ወደ እሱ አንግፋው፤ ያ የእኛ ሥራ ነው።