የባሕሩን እሳት ከገደል ላይ የጠበቁት ወይዘሮ አትራክታ ኬኒሪ

ወይዘሮ አትራክታ ኬኒሪ ከአባታቸው ከአቶ ኔድ ጊሪ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዴሊያ ፓወር፣ በዋተርፎርድ አውራጃ ባሊሾነክ በምትባለው የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1936 ተወለዱ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ። እኔ ታናሽ እህታቸው አሳምፕታ ነኝ። ይህን እንድጽፍና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሜ እንዳነብ ያዘዙኝ ራሳቸው ናቸው፤ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ግን እውነቱን ልናገርና ፈርቻለሁ። የምፈራውም ከፊት ወንበር የሚቀመጠውን አንድ ሰው ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ደንጋርቫን ከሚገኘው የመነኮሳት ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥራ ስድስት ዓመታቸው ተማሩ። በሒሳብ የሚስተካከላቸው አልነበረም። እመምኔቷ ለእናታችን፣ "ይቺ ልጅ ወይ ባንክ ታስተዳድራለች፣ ወይ ባንክ ትዘርፋለች" ማለታቸው ቤታችንን ሲያስቅ ኖሯል። ባንክ ግን አልገቡም። በ1953 በመንደራችን ፖስታ ቤት ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም ከዚያች ጠባብ መስኮት አልተነሱም። የመንደሩ ስልክ እዚያው ስለነበር ልደቱም፣ ሠርጉም፣ መርዶውም መጀመሪያ የሚደርሰው ለእርሳቸው ጆሮ ነበር።

በ1960 ከፖስታ አዳዩ ከአቶ ፊንታን ኬኒሪ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጋቡ፤ በ1963 አንድ ልጃቸውን ኮልማንን ወለዱ። አቶ ፊንታን ዝምተኛና ደግ ሰው ነበሩ። በ1975 ደብዳቤ ሲያድሉ ልባቸው ቀጥ ብሎ በድንገት ዐረፉ። ከዚያ ወዲያ እህቴ ለኮልማን እናትም አባትም ሆኑለት።

ከዚያ ወዲያ ደግሞ አንድ ፍርሃት ገባባቸው። በባሊሾነክ ልጅ ለአቅመ ሥራ ሲደርስ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ እንግሊዝ መርከብ ይሳፈራል። መጀመሪያ ለየገናው ይመጣል፤ ቀጥሎ አንዱን ገና እየዘለለ፤ ቀጥሎ ካርድ ብቻ ይልካል። ካርዶቹ በእጃቸው ነበር የሚያልፉትና የየእናቱን ፊት በመስኮታቸው ያዩ ነበር። "የእኔ ልጅ እንዲህ ከሆነብኝ አብዳለሁ፣ አሳምፕታ። አብዳለሁ ስልሽ!" ይሉኝ ነበር።

በ1981 ዱኒን ፔትሮሊየም የሚባል ትንሽ የደብሊን ኩባንያ፣ ከመንደራችን ፊት ለፊት ባሕሩ ውስጥ ነዳጅ ልፈልግ ብሎ መጣ። ኩባንያው አንድ ቢሮና አንድ የተከራየው፣ ሠራተኞቹ ባሕር ላይ የሚኖሩበት መቆፈሪያ መድረክ ነበረው፤ የቀረው ተስፋ ነው። ተስፋውን አክሲዮን እያለ በርካሽ ይሸጥ ነበር፤ እኛም ገዛን። ዓሣ አጥማጁ ገዛ፣ ገበሬው ላም ሸጦ ገዛ፣ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ማት ቶቢን ገዛ። የደብራችን ቄስ አባ ካርቴጅ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በስብከታቸው መሐል በመስኮት ወደ ባሕሩ ሰረቅ አድርገው ያዩ ነበር። እህቴ ግን ከሁላችንም ባሱ። ነዳጅ ከተገኘ ሥራ ይመጣል፣ ሥራ ከመጣ ኮልማን አይሄድም፤ ለእርሳቸው ነገሩ ይኸው ነበር። ያጠራቀሙትን በሙሉ፣ ከአቶ ፊንታን የቀረላቸውን ሳይቀር፣ አክሲዮን አደረጉት። "ምን ነካሽ? አበድሽ እንዴ!" ብላቸው፣ "አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ልጅ የለሽም" አሉኝ።

ኩባንያው ከጉድጓዱ ምን እንደወጣ ትንፍሽ አይልም ነበር። ይሁንና ነዳጅ ወይም ጋዝ ሲገኝ ለሙከራ ስለሚያቃጥሉት ነበልባሉ ከባሕር ዳር ይታያል ተባለ። ነበልባሉን ቀድሞ አይቶ ደብሊን ላለው ደላላ የደወለ ሰው፣ ወሬው ሳይዛመት በርካሽ ይገዛል፤ በማግስቱ ዋጋው ሰማይ ይነካል። እንግዲህ መንደሩ በሙሉ እሳት ጠባቂ ሆነ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መኪናው ሁሉ ገደሉ ላይ ወጥቶ ፊቱን ወደ ባሕር አዙሮ ይቆማል፤ ሰው ሳንድዊቹን እየበላ የሩቅ ማያ መነጽር ይቀባበላል። እህቴ የፖስታ ቤቱን በር በክረምት እንኳ አይዘጉትም ነበር፤ ባሕሩ እንዳይሰወርባቸው።

በ1983 መጸው ለኮልማን እዚያው መቆፈሪያ ላይ የወጥ ቤት ሥራ አገኙለት። ኮልማን ከልጅነቱ ጀምሮ ባሕር ይፈራል፤ ነፍሱ ያለችው እንጨት ሥራ ላይ ነበር። "እማዬ፣ እኔ አናጢ ቤት ልግባ፤ እዚያ አትላኪኝ" ብሎ ለመናቸው። "አንተ እዚያ ካለህ ዓይኔም እዚያ አለ ማለት ነው። ለጥቂት ወር ነው፣ ምን ትሆናለህ?" አሉት። ልጁ እናቱን እምቢ አይልም፤ ሄደ።

ሠራተኛው ያየውን እንዳያወራ ፈርሞ ነው የሚገባው። ቢሆንም ኮልማን ለዕረፍት በመጣ ቁጥር እህቴ ቤከንና ጎመን ፊቱ አቅርበው እንደ መርማሪ ፖሊስ ያፋጥጡት ነበር።

"ምን አየህ?"

"እማዬ፣ እኔ ድንች ላጭ ነኝ።"

"አለቆቹስ ይበላሉ?"

"ይበላሉ።"

"እንዴት አድርገው?"

"በአፋቸው ነዋ!"

አለቆቹ ሁለተኛ ሰሃን መጠየቃቸውን ከሰሙ በቃ፣ ሰኞ ጠዋት ከደመወዛቸው አክሲዮን ይጨምራሉ። ሰው በምግብ ፍላጎት ነዳጅ ሲለካ ያየሁት በእህቴ ብቻ ነው። ያኔ እስቅ ነበር።

በዲሴምበር ወር በአንዱ ዓርብ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ማት ቶቢን ፖስታ ቤቱ በር ላይ ሽርጡን እንዳገለደመ ደረሰ። "ነደደ! አትራክታ፣ ነደደልሽ!" ተያይዘን ወደ ገደሉ ሮጥን። ባሕሩ ላይ፣ በመቆፈሪያው በኩል፣ ቀይ ነበልባል ቆሟል። አቤት የነበረው ጩኸት! ያለው መኪና ሁሉ ወጥቶ ተደረደረ፤ ጡሩምባው ይነፋል፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ተኮራርፎ የኖረ ጎረቤት ይተቃቀፋል። አባ ካርቴጅ ባርኔጣቸውን አውልቀው አማተቡ። እህቴ ሁለት እጃቸውን ከፍ አድርገው አጨበጨቡ፣ ጉንጬን ሳሙኝ፣ "ልጄ ቀረልኝ!" አሉና ቁልቁል ወደ ስልካቸው ሮጡ።

ደላላው ቢሮውን ሊዘጋ ሲል አገኙት። መጀመሪያ ለራሳቸው በብድር አስገዙ፤ ከዚያ ወረፋ ይዘን ለቆምነው በየተራ። ማት አዘዘ፣ ገበሬው አዘዘ። እኔም ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር። ድንገት የደንጋርቫኗ የስልክ ኦፕሬተር መሐል ገባች፤ ድምፅዋ ከስልኩ አልፎ ለሁላችንም ተሰማን።

"አትራክታ፣ መስመሩን ልቀቂ በእናትሽ! ስደውል ስደውል ተይዟል! መቆፈሪያው በእሳት ተያይዟል፤ ጀልባ ያለው ሁሉ ይውጣ!"

ከዚያ ወንዶቹ እየተጋፉ ወጥተው ወደ ጀልባዎቻቸው በረሩ። እህቴ የስልኩን እጀታ እንደያዙ ቀሩ። እኔ ወስጄ አስቀመጥኩላቸው፤ ጣቶቻቸው አልላቀቅ ብለውኝ ነበር። "አጨብጭቤያለሁ እኮ፣ አሳምፕታ። ልጄ ሲቃጠል አጨብጭቤያለሁ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሞት አይቻለሁ፤ እንደዚያች ሰዓት የፈራሁበትን ቀን ግን አላስታውስም።

ወደቡ ላይ ቆመን ጠበቅን። ነፋሱ የጎማና የዘይት ሽታ እያመጣ ፊታችን ላይ ይደፋዋል። እህቴ አልጸለዩም፤ "ምን ፊት ይዤ?" አሉ። እራት ሰዓት አልፎ ነበር የመቆፈሪያው የነፍስ አድን ጀልባ ስትገባ። ሰዎቹ ፊታቸው ጥላሸት ለብሶ አንዱ ከአንዱ አይለይም። ኮልማን ግራ እጁ ተቃጥሎ ከመጨረሻዎቹ ጋር ወረደ። እናቱ አቀፉት፤ ፊታቸውን ግን ትከሻው ውስጥ ቀበሩ፤ ቀና ብለው ዓይኑን አላዩም። ሁለት ሰዎች ሳይመለሱ ቀሩ፤ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ያሳርፍ።

ጉድጓዱ ባዶ መሆኑ በኋላ ተሰማ፤ አክሲዮኑም ወረቀት ሆኖ ቀረ። እህቴ የተበደሩትን ለዓመታት የሰው ልብስ እየሰፉ ከፈሉ፤ ስለዚያ አንድም ቀን ሲያማርሩ አልሰማሁም። ያስፈራቸው ሌላ ነበር። እሳቱ ሲነሳ ኮልማን እዚያ ነበረ፤ እናቱ የት እንደነበሩ ግን አያውቅም። እኛ ሁላችን እናውቃለን፤ ሁላችንም ዝም አልን። ማት ቶቢን ሰክሮ እንኳ አላወራም፤ አባ ካርቴጅም ይዘውት መቃብር ወረዱ። አርባ ዓመት ሙሉ አንድ መንደር አንድ ልጅ ሲፈራ ኖረ።

ኮልማን እጁ ከዳነ በኋላ እንግሊዝ አልሄደም። ዮል ከተማ አናጢ ሆነ፣ ሶርካን አገባ፣ ሁለት ሴት ልጆች ወለደ፤ እሑድን ያለ እናቱ ምሳ በልቶ አያውቅም። ወይዘሮ አትራክታ ግን በደስታው መሐል ይሳቀቁ ነበር። "ያን ቀን እኮ እማዬ፣ ጀልባው ውስጥ ሆነን..." ብሎ ሲጀምር ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። "ሻይ ልጨምርልህ! ቀዘቀዘብህ!" ጓዳ ገብተው ማንቆርቆሪያውን ይዘው ይቆማሉ። ተከትያቸው ስገባ፣ "የት ነበርሽ ቢለኝስ?" ይሉኛል። ልጅ የልጅ ልጅ አድርሷቸው፣ ያቺን አንዲት ጥያቄ ሲሸሹ አረጁ።

ወይዘሮ አትራክታ በተፈጥሯቸው ቀልደኛ፣ እጀ ሰፊ፣ የሰው ምስጢር ጠባቂ ነበሩ። ደብዳቤ ማንበብ ለማይሆንላቸው ሽማግሌዎች የልጆቻቸውን ደብዳቤ ሲያነቡ፣ ክፉውን ዘለው ደጉን ያረዝሙት ነበር።

በ2022 የልብ ድካም ያዛቸው። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በ2024 ኦክቶበር ላይ ሆስፒታል ገቡ። እዚያ እጄን ይዘው፣ "ስቀበር ሁሉንም አንብቢለት፤ ክፉውን ሳትዘይ" አሉኝ።

"ለምን ራስሽ አትነግሪውም?"

"ዓይኑን አይቼ አልችልም። ፈሪ ነኝ።"

"ቢጠላሽስ?"

"ያኔ እኔ አልሰማም" አሉና ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ኦክቶበር 14 ቀን 2024 በተወለዱ በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ።

እስከዚህ ጽፌ ከቀብሩ በፊት ለኮልማን ወሰድኩለት፤ ሰው ፊት በድንገት እንዲመታው አልፈለግኩም። እንጨት መሥሪያው ውስጥ ቆሞ አነበበው። ጨርሶ ወረቀቱን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ።

"አክስቴ፣ ጀልባው ውስጥ ጭሱ አፍኖን ነበር" አለኝ። "የብሱ በየት በኩል እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። መሪውን የያዘው ሰውዬ ያለቅስ ነበር። ጭሱ አንዴ ገለጥ ሲል የገደሉን መብራቶች አየሁ፤ ተደርድረው ብልጭ ድርግም ይላሉ። 'እናቴ ናት! መንደሩን ሰብስባ መንገድ እያሳየችን ነው!' ብዬ ጮህኩ። ወደዚያ አዞርነው። ያወጣን እሱ ነው። ይኼን ልነግራት ስንቴ ጀመርኩ መሰለሽ..." አልጨረሰውም። እንባው ወረቀቱ ላይ ወረደ።

ቆይቶ እጄን ያዘኝና፣ "እንዳለችሽ አንብቢው። ግን ይኼንንም ጨምሪበት" አለኝ። ጨምሬዋለሁ።

ወይዘሮ አትራክታ ኬኒሪ የአንድ ወንድ ልጅ እናት፣ የሁለት ሴት ልጆች አያት፣ የእኔም ታላቅ እህት ነበሩ። ልጃቸው ሊነግራቸው የጀመረውን እኛ አስጨርሰን ሳናሰማቸው፣ እየፈሩ ሄደዋል። ዛሬ በፊቱ የቆሙለት እግዚአብሔር እርሱ ራሱ ይንገራቸው፤ ነፍሳቸውንም ፍርሃት ከሌለበት ያሳርፍልን። አሜን።