መያዝና መልቀቅ

ለውድ አባቴ ለአቶ አወቀ፣

ከሁሉ አስቀድሞ አፊያዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ከፋሲካ ወዲህ ተሻለዎ ወይስ አሁንም ቁልቁለቱን በምርኩዝ ነው የሚወርዱት? እናቴስ፣ ያ የሚነዝራት ትከሻዋ ተዋት? ከብቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ነው ወይ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከእናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም። ናፍቆቱ ግን ዘንድሮ ባሰብኝ። እዚህ ናይሮቢም ዝናቡ ገብቷል፤ መሬቱ ሲርስ የሚነሳው ሽታ የእኛን ስለሚመስል በመስኮት አንገቴን አውጥቼ ስቆም የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ይስቁብኛል።

ይህን በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ሞክሬ፣ ድምፅዎን ስሰማ ሌላ ሌላውን አውርቼ ዘጋሁት። ስለዚህ ጽፌ፣ ወደ ደሴ በሚመለሰው በአገራችን ልጅ በፋሩቅ እጅ ላክሁልዎ። የእህቴ የየኔአለም ልጅ ሉሊት ታነብልዎታለች። ሉልዬ፣ ቀስ እያልሽ፤ እንደ ፈተና አትሩጪበት።

ለፋሲካ ስደውል የጠየቁኝን አልረሳሁም። ከጋራው ሥር ያለችውን ማሳ ትይዛለህ ወይስ ትለቃለህ፣ ዓይኔ ጨርሶ ሳይፈዝ ቃልህን ስጠኝ ነበር ያሉኝ። ማሳዋ የአንተ ናት ያሉኝ ከመካነ ሰላም ተፈትኜ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው፤ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት። የምታርማትም የምታጭዳትም ግን እህቴ የኔአለም ናት፣ ከባሏ ከቸኮል ጋር። እኔ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል እያልኩ፣ ይዣለሁም ለቅቄአለሁም ሳልል ከረምኩ።

መልሴን ከመስጠቴ በፊት ሥራዬን ልንገርዎ፤ ለጎረቤት ኮምፒውተር ይጠግናል እያሉ እንደሚያወሩልኝ ሰምቻለሁና። አልጠግንም፣ አባዬ። የምጽፈው የክትባት ማቀዝቀዣዎችን የሚጠብቅ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ለሥራው ፋይል ይከፍታል፣ የስልክ መስመር ይይዛል፣ የሙቀት መለኪያውን ያነባል። ማሽኑ ለእያንዳንዱ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ መያዣው ነው፣ ለበሬ ገመዱ እንደሆነው። ችግሩ፣ ለምሳሌ ሰባት ቁጥር የፋይል መያዣ ይሁን የመስመር ሲያዩት አይለይም። አንዱ የፕሮግራሙ ክፍል ይይዝና መልቀቁን ይረሳል። ሌላው አንዴ የለቀቀውን ዳግመኛ ይለቃል፤ በመሀል ቁጥሩ ለሌላ ተሰጥቶ ከሆነ የሌላው ሥራ ይዘጋል። በየካቲት ማቀዝቀዣዎቹ በየአራት ቀኑ መልእክት መላክ እያቆሙ መከራችንን አየን። ክፉ የሠራ ማንም አልነበረም፤ ሁሉም ሌላው ይዞታል ባይ ነው።

ያኔ ነው በሬያችን ቦራ ትዝ ያለኝ። እርስዎና ጋሽ ጀብሪል አንዳንድ በሬያችሁን አቀናጅታችሁ ስታርሱ፣ እርስዎ ጀብሪል ወስዶታል፣ እሳቸው አወቀ ወስዶታል ብለው፣ ቦራ ከቀትር ጀምሮ የጎረቤታችንን የብርሀንነሽን ገብስ ሲያጭድ ዋለ! ሽማግሌ ተቀምጦ ይቅርታ ከወረደ በኋላ ሁለታችሁ ሕግ አወጣችሁ። ገመድ የሚሰጠው የበሬውን ስም ይጠራል፤ የሚቀበለውም ስሙን ጠርቶ ተቀበልኩ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ሰጪውን አያገባውም። የኔአለም የጋሽ ጀብሪልን ድምፅ አስመስላ ቦራን ተቀበልኩ ስትል እናቴ ሳቅ እያፈናት እንዴት ትቆጣት እንደነበር! ምነው እነዚያን ቀኖች አንዴ በመለሱልኝ።

ያንኑ ሕግ ነው ፕሮግራሙ ውስጥ ያስገባሁት። ለየዓይነቱ መያዣ የራሱን መጠቅለያ ሠራሁለት፤ መስመር በሚፈለግበት የፋይል መጠቅለያ አይገባም። መጠቅለያው አይባዛም፣ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል እንጂ። የሰጠ ባዶ እጁን ይቀራል፤ የያዘው ሥራውን ሲጨርስ በራሱ ይዘጋል። የሰጠውን ዳግም ልንካ የሚል ካለ፣ ፕሮግራሙ ገና ሥራ ሳይጀምር ስህተቱ ይነገረዋል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ሙሉ አንዱም አልቆመብንም፤ አለቃዬም በሰው ፊት አመሰገነኝ።

ባለፈው ሳምንት ቸኮል የማሳዋን ፎቶ ላከልኝ። የላይኛውን ጠርዝ የበልጉ ጎርፍ ጠርጎት ሄዷል። ለምን እርከን አልሠራችሁም ብዬ ጮኽኩበት፤ አፍሬ ነው የምነግርዎ። የኔአለም በወንድሜ መሬት ላይ ድንጋይ አልክብም፣ ሲመጣ እንደወደደ ያድርጋት ብላ ነው አለኝ። ጠርዙ መሸርሸር ከጀመረ ወዲህ ሦስት ክረምት እንዲህ ጠብቃኛለች። ከዚያች ማሳ ድንጋይ እየለቀምን ጣታችን እስኪላጥ የቆለልነው ሁለታችን ነበርን። አሁን እኔ ይዤ አልሠራባት፣ እሷ እየሠራች አትይዛት፣ አፈሩ በመሀላችን ሄደ።

ሉልዬ፣ እዚህ ላይ አቁሚና እናትሽን ጥሪልኝ።

አባቴ፣ ማሳዋን ለቅቄአለሁ። ለየኔአለም ይስጧት። ክረምት ሳይገባ ወረዳ ድረስ ይዘዋት ሄደው በስሟ ያስጽፉላት፤ እኔን አይጠብቁ። እስካሁን ያልለቀቅኋት ተመልሼ ላርሳት አስቤ አይደለም። እሷን ከለቀቅሁ አገር አለኝ የምልበት ነገር አይቀረኝም ብዬ ፈርቼ ነው። ይህን ስጽፍም አልቅሻለሁ። ቢሆንም በእኔ ፍርሃት የእህቴ አፈር መሄድ የለበትም።

እናቴን ትከሻዋን ሳትነኩ አቅፋችሁ ሳሙልኝ። ቸኮል ስለ ጩኸቴ ይቅር ይበለኝ። ጋሽ ጀብሪልን ከነቤተሰባቸው፣ ብርሀንነሽንም ሰላም በሉልኝ። ሉልዬ፣ ጉንጭሽን ስሜአለሁ፤ አንብበሽ ስለጨረስሽ ተባረኪ።

የኔአለም፣ እህቴ፣ ጠርዙን ዘንድሮ ካቢው። ጌሾም ትከይበት፣ ዛፍም ትከይበት፣ ለምን አልልሽም። ለኅዳር አጨዳ ሰው ካነሰሽ ጥሪኝ፣ ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ፤ ካልጠራሽኝ ግን አልገባባትም።

ልጅዎ ወንድዬ አወቀ
ናይሮቢ፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.